አደራ የበላው ፓምፕ

ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከክፉ ጎረቤት ይሰውራችሁ ተብላችሁ ተመርቃችሁ ይሆናል። ከፓምፕ አፍ ይሰውራችሁ ያላችሁ ሰው ግን እስካሁን ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እኔ ልበላችሁ። ትንንሽ ዓሣ የምታሳድጉ ከሆነ ምርቃቱን አታቃልሉት። የማታሳድጉ ከሆነም አሜን ማለት አይጎዳም።

ሰመራ ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። የደጋ ሰው ነኝ፤ የቢሮ ሥራ አመጣኝ፣ ልማድ አስቀረኝ። ትምህርት ቤት እምብዛም አልዘለቅሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ሰው ካርቶን ከፍቶ የሚጥላትን የአጠቃቀም መመሪያ ወረቀት እያነሣሁ በማንበብ ነው። ሰው ዕቃውን ይወስዳል፣ እኔ ወረቀቷን። በዚህ መንገድ የራዲዮ፣ የፍሪጅ፣ የኤር ኩለር ሐኪም ሆኛለሁ። አንዳንዴ ዕቃው ይድናል። ባይድንም ለምን እንደሞተ ለባለቤቱ በደንብ አስረዳለሁ።

ቤቴ ሥርዓት ያለበት ቤት ነው። በተለይ በአደራ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም። ከሌባ ይልቅ አደራ በላ ይከፋብኛል፤ ሌባ የሚወስድብህ ሳታየው ነው፣ አደራ በላ ግን በገዛ እጅህ ሰጥተኸው፣ አመስግነኸው፣ እስከ በር ሸኝተኸው ነው። ይህንን ለልጄ ለቃልኪዳን በየጊዜው እነግራታለሁ። አሥረኛ ክፍል ናትና ምክሬን ከእኔ ቀድማ መጨረስ ለምዳለች። «አደራ…» ብዬ ስጀምር፣ «ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤ ሰማሁ አባዬ» ትላለች። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ፣ «የሰማይን ነገር ተወውና ጣሪያውን ጠግንልን» ትለኛለች። እንዲህ ባለ ቤት ነው የምመክረው።

ዘይነባ ከዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ወሎዬ ናት። ሻይ ቤቷ የሚታወቀው በሻዩ ሳይሆን መግቢያው ላይ ባለው የመስታወት ገንዳ ነው። በውስጡ የልጅ ጣት የማያክሉ፣ ጅራታቸው እንደ ሻሽ የተንዘረፈፈ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ሟች ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና የመጀመሪያዎቹን ከጅቡቲ ጭኖ ያመጣላት እሱ ነው፤ የአሁኖቹ የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። ከጅቡቲ ድንበር ከገላፊ በዚያ ሐሩር የሚመጣ ሾፌር ስኳሩን እያማሰለ ገንዳውን ያይና፣ «እሰይ፣ ዓይኔ ውኃ ጠጣ» ይላል።

አንድ ቀን ዘይነባ ቤቴ መጣች።

«የቃልኪዳን አባት፣ ልጄ አዋሽ ላይ ተገላገለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«አሚን። ላርሳት ልሄድ ነው፣ ሻይ ቤቱንም እዘጋዋለሁ። የጨነቀኝ የዓሣዎቹ ነገር ነው። ያቺን ሆዷ የተነፋውን አይተሃት የለ? ደርሳለች። እነዚህ እንደ ሌላ ዓሣ እንቁላል አይጥሉም፤ ሕያው ሕያውን ነው የሚወልዱት። እኔ የአዋሿን አራስ ልይ፣ አንተ ደግሞ ይቺን እይልኝ። ምግብ በቁንጥጫ ብቻ። ሌላ ምንም አትንካ። አደራ!»

የመጨረሻዋን ቃል ስሰማ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ዘይነባ፣ አደራ የሰጠሽው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቅ የለ! ሰው ጠፍቶ መሰለህ አንተን የመረጥሁት?»

ያኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «አንተን የመረጥሁት» የምትለው ናት። «ሌላ ምንም አትንካ» የምትለውንም ሰምቻታለሁ፤ ግን የተነገረችው መመሪያ ለማያነብ ሰው መሰለችኝ።

ገንዳውን ውኃውን ቀንሰን በባጃጅ ያመጣነው እኔና ሁመድ ነን። ሁመድ የአፋር ተወላጅ፣ የቢሯችን ጥበቃና የቅርብ ጎረቤቴ ነው። ዓሣ በልቶም አሳድጎም አያውቅም፤ ግመልና ፍየል ሳለ ሰውን ውኃ ውስጥ ምን ያስገባዋል ባይ ነው። ገንዳውን አስቀምጠን ላባችንን ስንጠርግ፣ «እስቲ ፍየል ብትጠብቅላት ምን ነበረበት?» አለኝ። «ፍየል ሲወስዷት ትጮኻለች። ይህ ሲጠፋ በምን ታውቃለህ?»

ሳቅሁበት። ባልስቅ ጥሩ ነበር።

በገንዳው ጥግ አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ነበረች። እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ ቡልቅ፣ ቡልቅ ትላለች። ሁለት ቀን ነፋስ ነፍሶ ቤቱን አቧራ ሲያለብሰው ውኃው ደፈረሰ፤ እሷ ግን ያው ቡልቅ፣ ቡልቅ ነው። ስንፍና አልወድም። ሰው የያዘውን ሥራ በሙሉ ጉልበቱ መሥራት አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ማሽንም እንደዚያው። ወቅቱ የካቲት መግቢያ፣ ሰመራ ለሰው የምታዝንበት ጊዜ ነበርና ኤር ኩለሬ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ከሆዱ ውኃ የሚስበውን ፓምፕ ፈታሁት። የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጬ ጠጠር፣ ጥጥና ስፖንጅ ደረደርሁበትና ከገንዳው በላይ ሰቀልሁት። ፓምፑ ከገንዳው ወለል ውኃውን ስቦ በቱቦ ወደ ጀሪካኑ ይልካል፤ ጀሪካኑ አጣርቶ ትርፉን ከጎኑ በበሳሁት ቀዳዳ መልሶ ያፈሳል። አሮጊቷን ማጣሪያ አውጥቼ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኋት፣ ጡረታ።

ሶኬቱን ስሰካ የሆነውን ብታዩ! ክረምት ላይ የሞላውን የአዋሽን ወንዝ ሳሎናችን ያስገባሁት መሰለ። ውኃው በአንድ ከሰዓት እንደ መነጽር ጠራ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ።

ቃልኪዳን ተጠግታ አየችና፣ «አባዬ፣ ዓሣዎቹ የሚዋኙት ወደ ፊት ነው፤ የሚሄዱት ግን ወደ ኋላ ነው» አለች።

«ስፖርት ነው። እዚያ ሻይ ቤት ሰንፈው ነበር።»

«ነፍሰ ጡር እንዲህ ትናጣለች እንዴ?» አለች አስካለ ከማድ ቤት ብቅ ብላ። «እኔ እርጉዝ ሳለሁ እንዲህ ያለ ማሽን አምጥተህ ቢሆን አባቴ ቤት ነበር የምወልደው።»

ለሁለቱም ስለ ንጽሕና ጥቂት መከርኋቸው።

በነነዌ ጾም መጀመሪያ ቀን ጠዋት ቃልኪዳን ከሳሎን ጮኸች። «ወለደች! አባዬ፣ ወለደች!» ሮጠን ስንሄድ በውኃው ውስጥ የተበተነ የዓይን ሽፋሽፍት የመሰለ ነገር አየን። እያንዳንዱ ሽፋሽፍት ሁለት ጥቁር ዓይንና የምትርገበገብ ጅራት አለው። አስካለ እልል አለችና፣ «ገንፎ ላገንፋላት እንዴ? ጾም ስለሆነ ያለ ቅቤ ነው የምትበላው» አለች። ሳቅን። እኔም እንደ አያት ኩራት ተሰማኝ፤ ዘይነባ ስትመለስ የምነግራትን ንግግር በልቤ እያዘጋጀሁ ቢሮ ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሽፋሽፍቶቹ የሉም።

መጀመሪያ የጎረቤት ድመት ጠረጠርሁ፤ ገንዳው ግን ክዳን አለው። ቀጥሎ ትልልቆቹን ዓሣዎች ጠረጠርሁ። ልጁን የሚበላ ፍጥረት ምን ያህል የረከሰ እንደሆነ በመስታወቱ በኩል ተናገርኋቸው። ሦስተኛ አስካለን፣ ውኃ ቀይረሽ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኋት። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ ቃልኪዳን ተንበርክካ ወደ ወለሉ አመለከተች።

እናቲቱ ፓምፑ አፍ ላይ ተለጥፋለች። ጅራቷ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሰውነቷ ውጭ ቀርቷል፣ ጉንጯ ቶሎ ቶሎ ይላል።

ሶኬቱን ነቀልሁት። ተላቃ ወደ ጎኗ ወደቀች። ቀስ ብዬ በጎድጓዳ ሳህን አወጣኋት። ፓምፑን ስከፍተው በማሽከርከሪያው ጥርስ ላይ ከአንድ ጥቁር ነጥብ የማይበልጥ ነገር ተጣብቆ አገኘሁ። ነጥቡ ዓይን ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የኩለር ፓምፕ አፍ የሚሠራው ቅጠልና ጠጠር እንዳያሳልፍ ነው፤ ለዚያ ቀዳዳው በቂ ነው። ዛሬ ለተወለደ ዓሣ ግን ያ ቀዳዳ የቤተ ክርስቲያን በር ያህላል። ጉልበቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ጣቱን ቢሰጠው ይይዘዋል። አሮጊቷ ማጣሪያ ቡልቅ፣ ቡልቅ ትል የነበረው ሰንፋ አልነበረም፤ ልጆቹን እንዳትውጥ ነው። እኔ ጨዋዋን ጡረታ አስወጥቼ ሆዳሙን ቀጠርሁ።

«አባዬ፣ አደራ ጥብቅ አላልክም?» አለች ቃልኪዳን። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፤ እንደ ጥያቄ ነው ያለችው። እሱ ነው የባሰብኝ።

በር ላይ ተቀምጬ ሳለ ሁመድ ወደ ተራው ሲሄድ ደረሰ። ሰላም ተባባልን፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ከሰላምታ በኋላ ዳጉ ይባባላል፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ እየተባባለ ወሬውን አንድ በአንድ ይለዋወጣል። ያየኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ። በዳጉ የጨመረ ወይ የቀነሰ ሰው ስሙ ይጠፋል። ይህን ሥርዓት ሁልጊዜ አደንቃለሁ፤ ለልጄም ምሳሌ አድርጌ ደጋግሜ ጠቅሼላታለሁ። ሁመድም እንደ ወገኑ ቆጥሮኝ ከእኔ ጋር ዳጉ መባባል ከጀመረ ቆይቷል።

«ምን አዲስ ነገር አለ?» አለኝ።

«አደራ በላሁ፣ ሁመድ» አልሁት፣ ግንባሬን ይዤ።

ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ጠየቀ፤ «ሰምተህ ነው ወይስ አይተህ?»

«ምን እሰማለሁ! እኔው ራሴ ነኝ የበላሁት።»

«የዘይነባን?»

«የዘይነባን።»

«ዓሣውን?»

«ዛሬ የተወለዱትን። አንድ አላስቀረሁም።»

ሁመድ ገንዳውን አየ። ቀጥሎ ሆዴን አየ። «ሳይበስል?»

ስለ ዕድሜያቸው የጠየቀኝ መሰለኝ። «ምን ይበስላል፣ ለጋ ናቸው እኮ!» ስል እንባዬ መጣ።

«አላህ ይርዳህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሄደ። እኔም እንዴት ያለ አዛኝ ጎረቤት አለኝ አልሁ።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ደምሴ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠበቀኝ። ደምሴ የማኅበር ወንድሜ ነው። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም በሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ተጣልተናል፤ እሱ ይበላል፣ እኔ ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው ብዬ በጾም አልቀምሰውም። እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ እኔስ እንኳ ጠብሼ ነው የምበላው።»

«ምኑን?»

«ያውም በነነዌ። ያውም የሴት አደራ። ያውም ጥሬውን!»

ለምሳ ስወጣ ከገላፊ አቅጣጫ የሚመጣ አንድ የማላውቀው ሾፌር ተሳቢውን አዘግሞ በመስኮት ብቅ አለ። «ጋሼ! እሾኹ አልወጋህም?» ረዳቱ በሳቅ ዳሽቦርዱን ደበደበ። ቤቴ ስደርስ ስልክ ጠራ። አዋሽ ያሉት አማቴ እማማ ብርቄ ናቸው።

«ልጄ፣ የሰማሁት እውነት ነው?»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሰሙ?»

«ነነዌን የምንጾመው ዮናስን ዓሣ ዋጠው ብለን ነው። አንተ ዓሣውን ትውጣለህ?»

«አልበላሁም እማማ!»

«እንዴ! ራሱ ነው የተናገረው አሉ እኮ። ሰው ቢያማህ ታስተባብላለህ፣ ራስህን ግን እንዴት ታስተባብላለህ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘይነባም ሰምታለች። ልጇ ቤት ሄጄ አይቻታለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዕቃዋን እየጠቀለለች ነው።»

ሳቁን ሁሉ እችለዋለሁ፤ ደምሴንም፣ ሾፌሩንም። ያቺ ሴት ግን ከመንደሩ ሁሉ መርጣኝ፣ አራስ ልጇን ጥላ፣ በዝምታ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነው። ለሰው ሁሉ የምሰብክበት ስሜ ከእሷ ጋር በመኪና እየመጣብኝ ነበር።

ወደ ሁመድ ሄጄ ፊቱ ቆምሁ። «ምን ብለህ ነው የተናገርኸው?»

«ያልኸውን» አለኝ ሳይደናገጥ። «ወደ ሰርዶ ለሚሄድ ነገርሁት፣ ወደ አዳይቱ ለሚሄድም ነገርሁት። አንድ ቃል አልጨመርሁም። ሳይበስል እንደበላህ ሳይቀር ጠይቄህ ነው።»

«አደራ በላሁ ማለት እኮ አባባል ነው! አደራውን አጠፋሁ ማለት ነው!»

«ታዲያ አጠፋሁ አትልም? ዓሣውን ነው ብዬ ጠየቅሁህ። አዎ አልኸኝ። ደግሞ ጥሬ ሥጋ ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሬ በሬ የበላ ሰው ለዓሣ ምን ያፍራል?»

 ሰው ለይቶ ጠይቆኝ፣ ለይቼ መልሼለታለሁ። አማርኛችን ብዙ ይበላል፤ ብር ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ቃል ይበላል፣ ነገር ይበላል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው ስንት ነገር እንደምንበላ ልብ አንልም። ሁመድ ግን ቋንቋችንን የተማረው ከጎልማሳነት ወዲህ ነው፤ በላሁ ያለ በልቷል።

«እንግዲያው አልበላም ብለህ ተናገርልኝ» አልሁት።

«ሳላይ? በዳጉ አይሆንም። ዓሣዎቹን አሳየኝ።»

«የሉም እኮ!»

«እንግዲያው ምን ልበል?»

ቢሆንም አብሮኝ ቤት መጣ። የነቀልሁትን ፓምፕ ለኩለሩ ልመልሰው፣ አሮጊቷንም ከጡረታ ልጠራት ቆርጬ ነበርና ጀሪካኑን አወረድሁት። ቆሻሻ ውኃ ማባከን አልወድም፤ ሁልጊዜ የማደርገውን ለማድረግ፣ ደጅ ያለውን የኒም ዛፍ ላጠጣው አዘንብዬ ስይዘው ቃልኪዳን ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች።

«አባዬ አትድፋው! ውኃው ዓይን አለው!»

ሦስታችንም አጎነበስን። ከጠጠሩ በላይ፣ በጥጡና በስፖንጁ መካከል፣ ሽፋሽፍቶቹ ይርገበገባሉ። ፓምፑ ውጧቸው፣ በጥርሱ መካከል ሾልከው፣ በቱቦው ሽቅብ ተጉዘው፣ ጀሪካኑ ውስጥ ከተማ መሥርተዋል። በዮናስ ጾም ሳምንት! ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። አስካለ ወንፊት ይዛ እየሮጠች መጣችና እንደገና እልል አለች፤ አሁን ግን እየቀለደች አልነበረም።

ሁመድ ዓይኑን ጀሪካኑ አፍ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «አየሁ» አለ። «ሕያዋን ናቸው። አሁን የምለውን ስጠኝ።»

ቃል መምረጥ እንዳለብኝ ተምሬአለሁና አሰብሁ። አጠፋሁ እንዳልል ተገኝተዋል። አልበላሁም ብል ትናንት በልቻለሁ ብያለሁ፤ ሁለት ቃል ይሆንብኛል። «በላሁ ያልሁትን አስመለስሁ በልልኝ» አልሁት። «አንድም ሳይቀር በሕይወት ባይሆንም፣ ብዙውን በሕይወት አስመለስሁ።»

ደግሞ አስደገመኝ፣ ራሱም ደገመልኝ፣ ሄደ። እንደዚያ ቀን ቃል አጣርቼ አላውቅም።

ሽፋሽፍቶቹንም እናቲቱንም ወደ ገንዳው መለስኋቸው። አሮጊቷ ማጣሪያ ብትሆንም አፍ አላትና፣ ሽፋሽፍቶቹ ደግሞ በጣም ቀጫጭን ናቸውና፣ አፏን መሸፈን ነበረብኝ። በመንደሩ አጎበርን ለዶሮ ማጠሪያና ለሰርግ ድንኳን ማስጌጫ የሚያደርጉትን ሁሉ እየዞርሁ፣ አጎበር ለወባ ብቻ ነው እያልሁ የገሠጽሁ ሰው ነኝ። ከራሴ አልጋ አጎበር አንድ ጥግ ቀደድሁ። ጠበቅ አድርጌ ባስርባት አንዲት ትልቅ ዓሣ መረቡ ላይ ተለጠፈች፤ ቀዳዳው ጠበበ እንጂ ስበቱ አልቀነሰም። ስለዚህ ወፍራም፣ ሳሙና ያልነካው ስፖንጅ ሰርስሬ አፏን እንደ ካልሲ አለበስኋት፣ መረቡን በላዩ አላላሁት። አሁን ውኃው በስፖንጁ ገላ ሁሉ ቀስ እያለ ይገባል፤ እጄን ሳስጠጋው እንኳ አይሰማኝም። ሕፃናቱ ተጠግተው ስፖንጁ ላይ የተያዘውን ምግብ ይለቅማሉ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ አፍ ሲሰፋ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሰው ላይ እንዲሁ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ደግሞ ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ እጠቡት እንጂ ቧንቧ ሥር አትውሰዱት።

ዘይነባ በማግስቱ ከሰዓት ደረሰች። ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ ያለ ሰላምታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አዋሽ ላይ በላ አሉኝ» አለች። «ሱብሐነላህ ብዬ ተነሣሁ። አዳይቱ ለምሳ ስንወርድ ደግሞ አስመለሰው አሉኝ፤ ያውም ሕያው ሕያውን! ሰመራ ስደርስ ምን ልታደርግ ነው ብዬ ፈርቼ ነው የመጣሁት።»

አስመለሰው! አስካለ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ቃልኪዳን ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ሳቋ ግን ከእሷ ቀርፋፋ ነበርና ሳሎን ቀረ።

ዘይነባ አልሳቀችም። ወደ ገንዳው ሄዳ ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች። እናቲቱ ጅራቷ ተቀዶ፣ ግን ቀጥ ብላ እየዋኘች ነበር። «ቀልዱ ይቆየን» አለች። «የሞተ አለ?»

ስንት እንደተወለዱ የቆጠረ ሰው የለም። ሁሉም ይኸውልሽ ብል የሚያጋልጠኝ አልነበረም፤ ቃልኪዳን ብቻ በጓዳው በር ስንጥቅ እያየችኝ ነው።

«አለ» አልኋት። «ፓምፑ ጥቂቶቹን ፈጭቷል፣ የአንዱን ዓይን ጥርሱ ላይ አግኝቻለሁ። የእናቲቱም ጅራት የተቀደደው በእኔ ነው። አትንካ ያልሽኝን ነክቻለሁ። ውኃው ቆሸሸ ብዬ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም።»

ጎንበስ ብላ የእናቲቱን ጅራት አየች። አስካለም መሳቋን ተወች።

«ሟቹ የመጀመሪያዎቹን ሲያመጣልኝ» አለች ዘይነባ ከመስታወቱ ሳትዞር፣ «መንገድ ላይ የሞተ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወላሂ አንድም አልሞተም አለኝ። ረዳቱ በኋላ ሲነግረኝ ገላፊ ላይ ሲቆሙ ሙቀቱ ብዙውን ፈጅቶታል። እንዳይከፋኝ ብሎ ነው፣ አላህ ይማረው። ግን ያኔ ቢነግረኝ ሙቀት እንደሚገድላቸው አውቅ ነበር። ሳላውቅ ስንቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ገደልሁ።» ዞር አለች። «ይሄ ማጣሪያው ላይ ያደረግኸው ምንድን ነው?»

«ስፖንጅ። ከላዩ አጎበር።»

«አጎበር? የማን?»

«የእኔ።»

ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «አጎበር ለወባ! አጎበር ለወባ ብቻ!» እያለች በእኔ ድምፅ ሳቀች። አስካለም ቃልኪዳንም ተቀበሏት። እኔም ፈቀድሁላቸው።

ገንዳዋን ከነስፖንጁ ወሰደች። ከመሄዷ በፊት ጥቂት ሽፋሽፍቶች በብርጭቆ ቀድታ ለቃልኪዳን ሰጠቻት። እኔ እንደ ልማዴ ተነሥቼ ቆምሁ፤ ቃሏን ለመቀበል።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «እነዚህ ቤትህ የተወለዱ የልጅህ ናቸው። አደራ አልልህም። አደራ ካልሁህ ትበላቸዋለህ።»

በሳምንቱ ከአዋሽ በመጣ አውቶቡስ እማማ ብርቄ አንድ እቅፍ ጤና አዳም ላኩልኝ፤ ለሚያስመልሰው ሆዴ። ስለ አባባልና ስለ ፓምፕ በስልክ ላስረዳቸው ብዬ ነበር፤ «መጀመሪያ ጠጣ፣ ኋላ ታስረዳኛለህ» አሉኝ። አማት አይከራከሩም። አስካለ ቅጠሉን አፍልታ ስታቀርብልኝ ሁመድ ወደ ተራው ሲሄድ ደረሰ፣ ሰላም ብሎኝ ቁጢጥ አለና ብርጭቆዬን ማየት ጀመረ።

ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥሁት።

«ሁመድ» አልሁት፣ «ይህ ውኃ ነው። ቅጠል ፈልቶበታል። ልጠጣው ነው። ዓሣ የለበትም።»

«ዓሣ የለበትም» አለ ሁመድ፣ ቃሉ እንዳይጠፋው እየደገመ፣ ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ።